የእናቴ ወስፌና የማዳበሪያው ክር

እናቴ ወስፌዋን ማንም እንዲነካባት አትወድም። ስፌቷን ስታስቀምጥ ጫፉን በጨርቅ ጠቅልላ ምሰሶው ስንጥቅ ውስጥ ትሰካዋለች። ለጥምቀት አገር ቤት ገብቼ ያንን ወስፌ ነቅዬ ፍም ውስጥ ስከተው ያዘችኝ።

«አንተ! ምን ልታረግበት ነው?»

«ላስቲክ ልለይበት ነው፣ እማየ።»

«ላስቲክ በወስፌ ይለያል? በስማም! ተማር ብየ ልኬ አበላሸሁት።»

ደብረ ማርቆስ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የትውልድ መንደሬ ከሉማሜ ወጣ ብሎ ነው፤ የጤፍ አገር፣ የዋልካ አገር። እናቴ አሁንም እዚያው ናት፤ ማሳውን አጎቴ ያርሱላታል። እኔ በዓል እየጠበቅሁ እሄዳለሁ፤ ስሄድም ሥራ ይጠብቀኛል። ዘንድሮ የጠበቀኝ የጓሮ አጥር ነበር። አራት እንጨት በስብሶ ወድቋል፣ አዲስ መትከያ ጉድጓድ ቆፍር ተባልሁ።

ጉድጓዱ ክንድ ያህል ሲገባ ከተፈነቀለው ጓል መሐል ነጭ ክር ወጣ። መጀመሪያ የሣር ሥር መሰለኝ። ሳብ ሳደርገው ተቀነጠበ። ሥር እንዲህ አይቀነጠብም። ሌላ ጓል ሰበርሁ፣ እዚያም አለ። ሁለተኛው ጉድጓድ ውስጥም፣ ሦስተኛውም ውስጥ። አንዳንዱ ክር ነው፣ አንዳንዱ እንደ ዓሣ ቅርፊት ጠፍጣፋ ነው። አጥሩን ትቼ አፈር ስበትን ዋልሁ። እንጨቶቹ የተተከሉት በነጋታው ነው፤ እናቴ እስካሁን ታነሣብኛለች።

ክሩ የማዳበሪያ ነው። የትኛው ማዳበሪያ ለሚል ሰው፣ እኛ ዘንድ ማዳበሪያ ሁለት ነገር ነው። አንዱ መሬት ላይ የሚዘራው ፍሬ፣ ሌላው ፍሬው የመጣበት ከረጢት። ከረጢቱ ስሙን ከፍሬው ወረሰ። «አንድ ማዳበሪያ ጤፍ ልኬልሃለሁ» ሲባል ዩሪያ የተቀላቀለበት ጤፍ መጣ ብሎ የሚደነግጥ የለም። በአቅማዳና በስልቻ ጊዜ እንዲህ ያለ ግራ መጋባት አልነበረም። ቆዳ ቆዳ ነው፤ ሲያረጅ ውሻ ይበላዋል፣ የተረፈውን መሬት ይበላዋል።

የዚህን ከረጢት የሕይወት ታሪክ በቃሌ አውቀዋለሁ። በሰኔ 50 ኪሎ ተሸክሞ ይመጣል። ውስጡ ያለው ስስ ላስቲክ መጀመሪያ ይወጣል። ልጅ ሳለሁ ደብተሬን ከሰኔ ዝናብ ያተረፈው እሱ ነው። ውጭኛው ደግሞ ወንዝ ወርዶ ታጥቦ እህል ይገባበታል። ሁለት ሦስት ዓመት ገበያ ይመላለሳል። ሲቀደድ ይጣፋል። መጣፊያ ሲያጣ ተተርትሮ ከሌሎች አምስት ስድስት ጋር ይሰፋና ሸራ ይሆናል። ጤፍ ይወቃበታል፣ በርበሬ ይሰጣበታል፣ ብቅል ይደርቅበታል። ከዚያ ክምር ላይ ይወጣል፣ ዝናብ ይከላከላል። ከዚያ የዶሮ ቤት ጣሪያ ይሆናል። ከዚያ ክሩ እየተመዘዘ ይገመድና ጥጃ ይታሰርበታል። ከዚያ ያልቃል።

ይህች «አለቀ» የምትለዋ ቃል ናት አፈር ስበትን ያዋለችኝ። ማንም አልጣለውም። በእኛ ቤት ማዳበሪያ ሲጣል አይቼ አላውቅም፤ እናቴ ብትሰማ ታብዳለች። ዝም ብሎ አንድ ቀን የለም። አለቀ እንላለን። ጓሮ ስቆፍር ያገኘሁት ያለቀውን ነው።

ስለ ፕላስቲክ ብክለት ሲወራ ሁልጊዜ የሚወቀሰው አባካኝ ነው። ጠጥቶ ሀይላንዱን በመኪና መስኮት የሚወረውር፣ ለሁለት ሎሚ ፌስታል የሚቀበል። ልክ ነው፣ ይወቀስ። የእኛ ቤት ጓሮ ግን የተሞላው በቁጠባ ነው። አንዱን ከረጢት አሥር ዓመት ስለተጠቀምንበት፣ ፀሐይ ላይ ስላሰጣነው፣ እስኪፈረፈር ስላልተውነው። አንድ ጊዜ ተጠቅመን ብንጥለው አንድ ሙሉ ከረጢት ሆኖ አንድ ቦታ ይገኝ ነበር። አሁን የት ነው? የትም ነው።

ከረጢቱ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ የተሸመነ ነው፤ የውስጡ ስስ ላስቲክ ፖሊኢትሊን ነው። ሁለቱም በጣም ረጃጅም ሰንሰለቶች ናቸው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሰንሰለቱን ይበጥሰዋል። ሲመረት ይህን የሚያዘገይ ነገር ይደባለቅበታል፣ እሱ ግን ከጊዜ ብዛት ያልቃል። የእኛ ደጋ ደግሞ ከፍ ያለ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ራሷ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍ ባልህ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ጨረሩ ይበረታል። ክሩ ደርቆ ይሰባበርና ይረግፋል። ከረገፈ በኋላ ማረሻ ይገለብጠዋል። አፈር ውስጥ ጨለማ ነው፣ ይቀዘቅዛል። የሰባበረችው ፀሐይ እዚያ አትደርስም። ስለዚህ አይጠፋም፤ እንደተሰባበረ ይኖራል።

ወደ ወስፌው ልመለስ።

ክሩን ካየሁ ወዲያ መቁጠር አማረኝ። የአስተማሪ አመል ነው። ከሦስት ቦታ አንድ አንድ ጣሳ አፈር ወሰድሁ፦ ከጓሮው፣ ከአውድማው ዳር፣ ከወንዝ ማዶ ካለው ማሳ። አድርቄ ፈጨሁት። ወንፊት ብጠይቅ እናቴ «የዱቄት ወንፊቴን?» ብላ ተቆጣች። አሮጌ አጎበር አገኘሁና በዚያ ላጠልል ስል፣ አጎበሩ ራሱ ፕላስቲክ መሆኑ ትዝ አለኝና ሳቄ መጣ። በእጄ ለቀምሁ።

ዘዴው ቀላል ነው፣ በላቦራቶሪም የሚሠሩበት አለ። ውኃ ውስጥ ጨው እስኪበቃው ድረስ ታሟሟለህ፣ እንቁላል እስኪንሳፈፍ። አፈሩን ትጨምርና ትበጠብጣለህ፣ ከዚያ ትተወዋለህ። አፈር ይዘቅጣል። የማዳበሪያው ክርና ስስ ላስቲኩ ከውኃም የሚቀሉ ስለሆኑ ይንሳፈፋሉ። የሀይላንድ ጠርሙስ ፕላስቲክ ከባድ ነው፤ በዚህ ጨው አይወጣም፣ ከጭቃው ጋር ይቀራል። ዋልካ ደግሞ እስኪጠራ ቀን ሙሉ ይፈጃል፣ ትዕግሥት ያላብሳል።

ችግሩ ገለባም ይንሳፈፋል። የደረቀ የሣር ሥርና የጤፍ ገለባ ከተሰባበረ ክር ጋር ሲደባለቅ ዓይን አይለየውም። ወስፌው እዚህ ላይ ነው የሚገባው። ጫፉ ይግላል፣ የተጠረጠረውን ነገር ይነካል። ገለባ ከሆነ ይጠቁራል። ፕላስቲክ ከሆነ ይኮማተራል፣ ይሸሻል፣ ጠብታ ይሆናል።

እናቴ መጀመሪያ ከሩቅ ነበር የምታይ። ሦስተኛው ክር ሲጠቀለል ቀረብ አለች።

«እንዴ፣ እንደ ጠጉር ተኮማተረ። እስቲ ደግመው።»

ደገምሁት። ጎንበስ ብላ አሸተተች። «ይኸማ ማዳበሪያ ሲቃጠል የሚሸተው ነው።»

ከዚያ በኋላ ወስፌውን ከእጄ ወስዳ ራሷ ነበር የምትነካ። እኔ ቆጣሪ ሆንሁ። ከጓሮው ጣሳ 41 ቁራጭ ወጣ። ከአውድማው ዳር 96። ከወንዝ ማዶ ማሳ 7። ይህ ጥናት አይደለም፣ አንድ አንድ ጣሳ አፈር ነው፤ የቆጠርነውም በዓይን የሚታየውን ብቻ ነው። ቢሆንም የአውድማው ቁጥር አሳቀቀኝ።

«ታዲያ ምን ያረጋል?» አለች እናቴ።

ተማሪ ቢጠይቀኝ ሰሌዳውን እሞላው ነበር። እናት ስትጠይቅ ግን ጥያቄው ሌላ ነው። የምታውቀውን መሬት ነው የምትጠይቅህ።

የምችለውን ነገርኋት። ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ቁራጭ፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ማለት ነው፣ ማይክሮፕላስቲክ ይባላል። ቃሉን በሰፊው ያስለመደው ሪቻርድ ቶምሰን የሚባል የእንግሊዝ አገር ተመራማሪ ነው፣ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ። እሱ ያጠናው ባሕርን ነበር። ለብዙ ጊዜ ሁሉም ሰው ዓይኑ ባሕር ላይ ነበር፤ ዓሣና ኤሊ። ማቲያስ ሪሊግ የሚባል በርሊን ያለ ሳይንቲስት በ2012 እ.ኤ.አ. አፈሩንስ ማን አየው ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲያ ነው የአፈሩ ነገር የተነሣው። ለእናቴ እነዚህን ስሞች አልነገርኋትም፣ ለእናንተ ነው።

ለሷ የነገርኋት የትሉን ነው። ኔዘርላንድ፣ ዋግኒንገን ላይ፣ የምድር ትሎችን ፕላስቲክ የተቀላቀለበት ቅጠል አበሏቸው። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ነው። ፕላስቲኩ ሲበዛ ትሎቹ ዕድገታቸው ተገታ፣ የሚሞተውም በዛ። እርግጥ የሰጧቸው መጠን ማሳ ላይ ከሚገኘው እጅግ የበዛ ነው፤ ይህን ደብቄ ማስፈራራት አልወድም። ሌላው በ2019 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የተሠራው ነው። ትሎቹ ፕላስቲክ ባለበት አፈር ውስጥ 30 ቀን ሲቆዩ ከክብደታቸው 3 በመቶ ገደማ ቀነሱ፤ ንጹሕ አፈር ውስጥ የነበሩት ደግሞ 5 በመቶ ገደማ ጨመሩ።

እናቴ ወስፌዋን እየጠረገች «ትል የከሳበት መሬት ምን ያበቅላል?» አለች። የሳይንቲስቶቹን መደምደሚያ ሳትሰማ ደረሰችበት። ትል መሬቱን ይበሳል፣ አየርና ውኃ ያስገባል፣ ፍጉን ወደ ታች ይወስዳል። ፕላስቲኩንም ይዞት ይወርዳል፣ ይህም ታይቷል።

በዚያው የእንግሊዝ ሙከራ አንዱ ዓይነት ፖሊኢትሊን የአፈሩን ፒኤች ዝቅ አድርጎት ነበር፣ ማለትም አፈሩን አኮምጥጦታል። ሙከራ ሁሉ እንዲህ አይወጣም፤ በሌላ አፈር ሌላ ውጤት ይታያል። እኔ ግን ሳነበው መጀመሪያ ትዝ ያሉኝ እዚሁ ጎጃም ያሉት ሜጫና ባንጃ ናቸው። እዚያ ገበሬው አፈሩ ኮመጠጠ ተብሎ ኖራ በጀርባው ተሸክሞ ይበትናል። አንድ ኩንታል ኖራ ተሸክሞ የሚያውቅ ሰው ስለ ፒኤች ቀልድ አይወድም።

በርሊን ላይ ደግሞ የፖሊስተር ክር አፈር ውስጥ ቀላቅለው አዩ። አፈሩ ውኃ የሚይዝበትና የሚቋጠርበት ሁኔታ ተለወጠ። ክር የጓልን ሥራ ይረብሻል ማለት ነው። ቁራጭ ላስቲክ ይሻላል እንዳትሉ፣ እሱ ሲበዛ የውኃውን መንገድ ይዘጋል። ቻይና ውስጥ ጥጥና በቆሎ የሚያለብሱበት ስስ ላስቲክ ማሳ ላይ ተቀዳዶ እየቀረ የራሱ ስም አለው፤ «ነጭ ብክለት» ይሉታል።

የእኛ ዋልካ የራሱ ጉድ አለው። በበጋ ይሰነጠቃል። የሉማሜን አፈር በጥር ያየ ያውቃል፣ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ነው። ላዩ ላይ የነበረው ሁሉ ወደ ስንጥቁ ይረግፋል። ክረምት ሲመጣ ያብጣል፣ ይገጥማል፣ የገባው ውስጡ ይቀራል። የአፈር ሊቃውንት ቨርቲሶል ይሉታል፤ መገልበጥ ከሚል የላቲን ቃል ነው፣ ራሱን የሚገለብጥ አፈር። በዚያ ላይ ጤፍ ስንዘራ አምስቴ ስድስቴ እናርሳለን። ክንድ ጥልቀት ላይ ክር ማግኘቴ ለምን እንደገረመኝ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ አይደል።

ማታ አጎቴ መጡ። እናቴ የተለቀሙትን ክሮች በሰሃን አቅርባ አሳየቻቸው፣ እንደ ቆሎ።

አጎቴ በመጀመሪያ ሳቁ። ቀጥለው «ይኸ የአውድማው ነው?» አሉ። አዎ አልኋቸው። ስለ ትሉ፣ ስለ ፀሐዩ፣ ስለ ሸራው ነገርኋቸው። ድሮ አውድማ በእበት ተለቅልቆ ነበር የሚወቃ፣ እሱ ደህና ነበር ብዬ ጨመርሁ። እዚህ ላይ አጎቴ ተነኩ።

«ስማ ልጀ» አሉ። «ከእበት አውድማ ያወጣችሁን እናንተ ናችሁ። ጤፍ ይዠ ገበያ ስወጣ ነጋዴው ዘግኖ ይነፋል፣ አፈር አለው ይላል፣ ዋጋ ይጥላል። አንተስ ብትሆን አሸዋ ያለበት እንጀራ ትበላለህ? ሸራ አንጥፈን ስንወቃ ጤፉ ጠራ፣ ዋጋ አወጣ። አሁን ደግሞ ሸራው አፈሩን አበላሸ አልኸኝ። የቱን እንያዝ?»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ ጤፍ ስገዛ መጀመሪያ የማደርገው እፍ ማለት ነው።

ትንሽ ቆይተው «ጤፉ ውስጥስ ይገባል?» ብለው ጠየቁ። ከሁሉም የከበደኝ ይህ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ቻይና ውስጥ በስንዴና በሰላጣ ላይ ተሞክሮ፣ በጣም ደቃቅ የሆነው ፕላስቲክ አዲስ ሥር ሲወጣ በሚፈጠረው ስንጥቅ ገብቶ ወደ ላይ ሲወጣ ታይቷል። ዓይን የማያየው ደቃቅ ነው። «ስንዴ ነው የሞከሩት» አልኋቸው። አጎቴ «ስንዴም እንበላለን» አሉ።

ሌላም ምንጭ ሞልቷል፣ ሁሉን ማዳበሪያ ላይ ልጭን አልፈልግም። ኮንጎ ጫማ ሶሉ ማሳ ላይ ነው የሚያልቀው። በክረምት ችግኝ ተከላ ከተራራው ላይ ጥቁሩ የችግኝ ላስቲክ እዚያው ጉድጓዱ ዳር ይቀራል፤ ተማሪዎቼን ይዤ ሄጄ እኔም ሳልለቅም ተመልሻለሁ። የባጃጅና የመኪና ጎማ አለ። ከደጀን ደብረ ማርቆስ መንገዱ ግራና ቀኝ ማሳ ነው። ባለፈው ፋሲካ በቅርጫ የታረደው በሬ ጨጓራው ሲገለበጥ የተጠቀለለ ገመድና ፌስታል ወጣ፤ ጨጓራ የደረሳቸው ሰዎች ዝም ብለው አጠቡት።

ሕጉስ? ስስ ፌስታልን የሚመለከት ሕግ በ1999 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር። አዋጅ ቁጥር 513 ነው፤ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን ማምረትም ማስገባትም ከልክሎ ነበር። ያኔ በገበያ ላይ ለውጡን ያየ እጁን ያውጣ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፌስታልን ጨርሶ የሚከለክል አዲስ አዋጅ ጸደቀ። ጥሩ ነው። የእኛ ቤት ክር ግን ፌስታል አይደለም። ማዳበሪያን ከልክሉ የሚል ሰው ደግሞ እኔ አልሆንም፣ አጎቴ በዱላ ያባርሩኛል።

በማግሥቱ ያደረግነው ትንሽ ነገር ነው። እናቴ ዶሮ ቤቱ ላይ የነበረውን አሮጌ ማዳበሪያ እንዳወርድ ነገረችኝ። ስነካው በእጄ ላይ ፈረሰ፣ በስተመጨረሻ በአካፋ ዘገንሁት። እሳት ማቀጣጠያ ልታደርገው ነበር፣ ጭሱ ለሳንባሽ አይበጅም ብዬ ተከራከርሁ። አሮጌ ጀሪካን አንገቱን ቆርጬ እዚያ ውስጥ አጠራቀምሁት። ጀሪካኑ ሞልቶ ምን ይሆናል አለች። ወደ ከተማ እወስደዋለሁ አልኋት። ከተማ ወስደህስ? ዝም አልሁ። ፍግ ላይ ግን ከዚህ በኋላ የቤት ጥራጊ ሳይለቀም እንዳይደፋ ተስማማን። ሸራውን ውቂያ ሲያልቅ ወዲያው አጥፈው ጥላ እንዲያስገቡት አጎቴን ለመንሁ። «እሱስ ደግ ነው፣ ይቆይልናል» አሉ። ለራሳቸው ምክንያት ነው የተቀበሉት፤ ይሁን።

ሁለት ሳምንት ቆይቼ ደብረ ማርቆስ ገበያ ሁለት ጆንያ ገዛሁ። እውነተኛ የቃጫ ጆንያ፣ ቡና ቡና የሚሸት። ጠያቂ መገኘቱ ሻጩን ራሱን ገርሞታል፣ የማዳበሪያውን ሦስት እጥፍ አስከፈለኝ። በመኪና ለእናቴ ላክሁላት፣ ከእንግዲህ ጤፌን በዚህ ላኪልኝ ብዬ።

ከሳምንት በኋላ ጤፉ መጣ። በማዳበሪያ ነው። ጥርት ያለ አዲስ ማዳበሪያ፣ አፉ በሲባጎ የተሰፋ። ደወልሁላት።

«ጆንያውስ፣ እማየ?»

«ተቀምጨበታለሁ፣ ይሞቃል። አንተ ልጅ፣ ጤፍ በጆንያ ይጫናል? ዓይኑ ሰፊ ነው፤ ደብረ ማርቆስ እስኪደርስ ለመንገዱ ወፍ ነው የሚሆነው።»

እውነቷን ነው። ያቺ ደቃቅ ፍሬ በጆንያ አትያዝም። ይህንንም ማሰብ ነበረብኝ።

«ስማኝማ» አለች ስልኩን ልዘጋ ስል። «ማዳበሪያዋ አዲስ ናት። እንዳትጥላት፣ ስትመጣ አምጣልኝ።»